ሀዋሳ ላይ የገዛሁት የሻወር ቤት ኤግዞስት ፋን፦ እቃው ጥሩ ነው፣ አገጣጠሙ ግን ኮርኒሴን አበሰበሰው

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የምጽፈው ቤት እየሰራችሁ ወይ ሻወር ቤት እያሳደሳችሁ ያላችሁ እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ብዬ ነው። ስለ ፋኑም (እንፋሎቱን ስቦ የሚያስወጣው ማራገቢያ ነው)፣ መጀመሪያ ስለገጠመልኝ ልጅም፣ በኋላ መጥተው ስላስተካከሉት ትልቅ ሰውም ሁሉንም እጽፋለሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

ቤታችን አላሙራ በኩል ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ውስጡ ቺፑድ ኮርኒስ፣ ያው ሀዋሳ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትኖሩበት አይነት ቤት። ሻወር ቤቱ 1.6 በ2 ሜትር ነው፣ ከፍታው 2.6፣ ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ አንዲት ትንሽዬ ናኮ መስኮት አለችው እሷም ወደ ጎረቤት ስለምታሳይ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናት። ቦይለር ካስገባን ወዲህ አምስት ሰው በየጠዋቱ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ስላለባቸው ከ12 ሰአት ጀምሮ ተራ በተራ ነው፣ የመጨረሻው ሰው ሲገባ መስታወቱ ምንም አያሳይም፣ ሴራሚኩ ላይ ውሃው እንደ እንባ ይወርዳል፣ ፎጣ ሁለት ቀን ሙሉ አይደርቅም። በጋ ላይ ብዙም አይታወቅም ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ጥጋ ጥጉ ላይ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ወጣ፣ በበረኪና አጥበነው ሳምንት ሳይሞላ ይመለሳል።

ባለፈው አመት ሰኔ ላይ በቃ ፋን ይግባለት ብለን ወሰንን። ፒያሳ በኩል ካሉት የኤሌክትሪክ እቃ ቤቶች ከአንዱ ባለ 4 ኢንች፣ ነጭ ፕላስቲክ፣ የቻይና እቃ በ2,800 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ 220 ቮልት፣ 18 ዋት፣ በሰአት 95 ሜትር ኩብ አየር ያወጣል ይላል። ወንድሜ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ነው የተማረው፣ ስልክ ደውዬ ይበቃል ወይ ስለው ክፍልሽ 8 ሜትር ኩብ ምናምን ነው፣ በሰአት ከ10 ጊዜ በላይ አየሩን ይቀይርልሻል፣ እንግሊዞች እንኳን በግንባታ መመሪያቸው ለሻወር ቤት የሚጠይቁት በሰከንድ 15 ሊትር ነው እሱም በሰአት 54 ሜትር ኩብ ማለት ነው፣ ይተርፍሻል አለኝ። ቀጥሎ ግን "ቱቦውን አጭርና ቀጥ ያለ አድርጉት" ብሎኝ ነበር። የቱን ቱቦ እንደሆነ በወቅቱ አልገባኝም፣ አለፍኩት። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ገጣሚውን እቃ ቤቱ በር ላይ ነው ያገኘሁት። ወጣት ልጅ ነው፣ ትሁት ነው፣ እትዬ እትዬ እያለ መጣ፣ ኮርኒሱን በክብ ቆረጠ፣ ፋኑን ሰካው፣ ከመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር አገናኘው፣ 40 ደቂቃ አልፈጀበትም፣ 800 ብር ከፍዬ ሸኘሁት። ሲወጣ "አየሩ በየት በኩል ነው የሚሄደው?" አልኩት። "ወደ ላይ ይወጣል እትዬ፣ አያስቡ" አለኝ። እኔም ላይ ሲል ውጪ መስሎኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ አለን። መስታወቱ ይጠራል፣ ፎጣው ይደርቃል፣ ድምጹም አይረብሽም። ለጎረቤቶቼ ሁሉ ግዙ ግዙ ስል ከረምኩ።

ሀምሌ መጨረሻ አካባቢ ነው መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ፣ ልብ በሉ ሻወር ቤቱ ሳይሆን መኝታ ቤቱ፣ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ ያየሁት። መጀመሪያ የእጅ መዳፍ ታክል ነበር፣ በሳምንቱ ትሪ አከለች። ጣሪያው አፈሰሰ ብለን ቆርቆሮ የሚሰራ ሰው አስመጣን፣ ወጥቶ ሚስማሮቹን አየ፣ ሶስት አራቱን ቀየረ፣ ተከፍሎት ሄደ። እድፉ ግን መስፋቱን አላቆመም። አንድ ሳምንት ሙሉ ዝናብ ጠብ ያላለበት ጊዜ ነበር፣ በዛ ሳምንትም ጠዋት ጠዋት ኮርኒሱ ይረጥባል። ዝናብ ሳይኖር የሚያፈስ ጣሪያ እንዴት ያለ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ከዛ ነሀሴ ላይ እናቴ ለፍልሰታ ቤተክርስቲያን ልትሄድ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ነጠላዋን አወጣች። ለመጀመሪያ ልጄ ክርስትና የለበሰችው ነጠላ ነው፣ ጥበቡ አረንጓዴና ወርቅማ፣ በዓመት ሁለት ሶስቴ ነው የምታወጣው። ዘረጋችው። ከዳር እስከ ዳር ሚጢጢዬ ጥቁር ነጥብ፣ ልክ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሲሸት ደግሞ የጓዳ ሽታ። ቁም ሳጥኑ የቆመው ከሻወር ቤቱ ጋር በሚጋራው ግድግዳ ላይ ነው፣ እድፉም ከሱ በላይ ነው። እናቴ ምንም አላለችም፣ አጣጥፋ መልሳ አስቀመጠችው፣ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ የምታሳምር ሴት የኔን ነጠላ ተውሳ ሄደች። እኔ ግን ሆዴ ተላወሰ።

ነገሩ የተገለጠው በእጣን ነው። ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ እናቴ ሻወር ቤቱ ይሸታል ብላ ማጨሻውን እዛ አስቀመጠችው፣ ፋኑ በርቷል። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ፋኑ ሲሳብ ቆሜ አየሁ፣ ጎበዝ ፋን ነው አልኩ በልቤ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ስንደርስ መኝታ ቤት የተኛው ልጄ "እማ ጭስ ጭስ" እያለ ወጣ። ገባን። የመኝታ ቤቱ አምፖል በተሰቀለበት በኮርኒሱ ቀዳዳ ዙሪያ እጣኑ ቀጭን ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። እናቴ ቀና ብላ አይታ "ይሄ እጣን እኮ ከላይ ነው የሚመጣው" አለች። በቃ ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ የሻወር እንፋሎት ሁለት ወር ሙሉ ከቤቱ አልወጣም፣ ከሻወር ቤት አንስቶ ኮርኒስና ቆርቆሮ መሀል ነው ሲያጠራቅምልን የኖረው።

ልጁ ጋ ደወልኩ። "እትዬ ሁሉም ሰው እኮ እንደዚህ ነው የሚያስገጥመው፣ ጣሪያው ውስጥ ሰፊ ቦታ ስላለ ይበተናል" አለኝ። ተመልሶ እንዲያየው ለመንኩት፣ እመጣለሁ አለ፣ አልመጣም። ስሙን አልጠራም፣ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ማንም አላስተማረውም። ግን አልደብቃችሁም ተናድጃለሁ፣ ምክንያቱም የጠየቅኩት ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር፣ የመለሰልኝ ግን በሁለት ቃል ነው።

ጎረቤቴ ሌላ ሰው ጠቆመችኝ፣ ሳኒተሪም ኤሌክትሪክም የሚሰሩ ትልቅ ሰው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ሲመጡ ፋኑን ዞር ብለው እንኳን አላዩትም። መሰላል ጠየቁ፣ በኮርኒሱ መሹለኪያ በባትሪ ወጡ፣ ትንሽ ቆይተው "ልጄ ነይ ራስሽ እዪው" አሉኝ። ወጣሁ። ከጠዋቱ 2 ሰአት ገደማ ነው፣ ልጆቹ ታጥበው ከወጡ ብዙም አልቆየም። የቆርቆሮው ሆድ በሙሉ ላብ አለው፣ አዎ ላብ ነው የሚመስለው፣ ጠብታው በየማዕበሉ ተሰልፎ ተንጠልጥሏል፣ ጋሼ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት እስከ ታች እየተያያዘ ጠጠጠጥ ብሎ ቺፑዱ ላይ ወረደ። ሞራሌው (የጣሪያው እንጨት) ላይ ነጭ ሻጋታ ጥጥ መስሎ በቅሏል። ቺፑዱን በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ፣ እንደ ተነከረ ዳቦ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ልጁ የቀጠለው የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ እዛ እርጥብ ቺፑድ ላይ ተጋድሟል። ጋሼ እሱን ሲያዩ ወዲያው ወርደው ብሬከሩን አጠፉ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ሲያስረዱኝ በጣም ቀላል ነው። ሌሊት ደጅ የቆመ መኪና ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጤዛ ለብሶ ታገኙታላችሁ አይደል፣ ቆርቆሮም እንደዛው ነው፣ ሌሊቱን ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። እኛ ደግሞ ልክ እሱ በጣም በቀዘቀዘበት በንጋት ነው በሙቅ ውሃ የምንታጠበው። ማታ ወንድሜን ስጠይቀው በቁጥር ነገረኝ፣ 30 ዲግሪ ላይ ያለ አየር አንድ ሜትር ኩቡ እስከ 30 ግራም ውሃ ይይዛል፣ ያው አየር 15 ዲግሪ ሲደርስ መያዝ የሚችለው 13 ግራም ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ፋኑ እንፋሎቱን ማጥፋት አይችልም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው። የምታስቀምጡለት ቦታ ኮርኒስ ውስጥ ከሆነ ፋኑ በጎበዘ ቁጥር ቤታችሁ ቶሎ ይበሰብሳል።

አወጣጡ ላይ ሶስት ሀሳብ ነበር። እኔ ቆርቆሮውን በስተን ቀጥታ ወደ ላይ እናውጣው አልኩ፣ ጋሼ ይቻላል ግን ቆርቆሮ የተበሳበት ቦታ በደንብ ካልታሸገ የእውነት ዝናብ ያስገባል፣ አማራጭ እያለ ክዳን አይነካም አሉ። ባለቤቴ ደግሞ የሽንት ቤቱ ማስተንፈሻ ቱቦ በዛው ያልፋል ከሱ ጋር እንቀጥለው አለ። ጋሼ እዚህ ላይ ኮስተር አሉ። ያ ቱቦ የሴፍቲ ታንክ ጋዝ የሚወጣበት ነው፣ ፋኑ ሲጠፋ ሽታውም ጋዙም ተመልሶ ቤት ይገባል፣ በጭራሽ አይገናኝም። የኩሽናም እንዲሁ፣ ሁሉም የየራሱ ቱቦ ይኑረው አሉ። ከታዛው ስር ይውጣ ሲባልም እንፋሎት ወደ ላይ ስለሚሄድ ተመልሶ በታዛው ክፍተት ጣሪያ ውስጥ ይገባል አሉን። የተመረጠው የጫፍ ግድግዳው ነው፣ ብሎኬቱ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ሽቅብ የሚወጣበት፣ ከፋኑ ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ40 ብቻ ነው።

ስራቸውን ቆሜ ነው ያየሁት፣ ስለዚህ እንዳየሁት ልንገራችሁ። እኔ ያን አኮርዲዮን የሚመስል ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ቱቦ ገዝቼ ጠብቄያቸው ነበር፣ መልሺው አሉኝ። ውስጡ ሸንተረር ሸንተረር ስለሆነ አየሩን ያደክመዋል፣ መሀሉ ላይ ሲረግብ ደግሞ ውሃ ይቋጥራል፣ ውሃ የቋጠረ ቱቦ ማለት የተዘጋ ቱቦ ነው። በምትኩ የ110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቱቦ፣ ለስላሳና ቀጥ ያለ፣ ከፋኑ አናት ላይ አንድ ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ብቻ። ጎሚቶ በበዛ ቁጥር አየሩ ይደክማል፣ እንደዚህ አይነት ትንሽ ፋን ረጅም ቱቦ የሚገፋ ጉልበት የለውም፣ ሻወር ቤታችሁ ቤቱ መሀል ሆኖ ቱቦው ሶስት አራት ሜትር የሚሄድ ከሆነ ጉልበት ያለው ሌላ አይነት ፋን ነው የሚያስፈልጋችሁ። ቱቦው ከፋኑ አፍ ትንሽ ስለሚሰፋ ጎማ ጠቅልለው በአሉሚኒየም ቴፕ አጠበቁት። ግድግዳውን ዙሪያውን በድሪል ነቅሰው በመሮ ከፈቱት። ከዛ ውሃ ልኩን አምጥተው ቱቦውን ወደ ውጪ ዘቅዘቅ አደረጉት፣ በሜትር 2 ሳንቲም ገደማ፣ ምክንያቱም ቱቦው ራሱ ቀዝቃዛ ጣሪያ ውስጥ ስለሚያልፍ ውስጡ ትንሽ ውሃ መጠራቀሙ አይቀርም፣ ያ ውሃ ወደ ፋኑ ሞተር ሳይሆን ወደ ደጅ ነው መፍሰስ ያለበት። ላዩን በስፖንጅ ጠቀለሉት፣ እንዳይቀዘቅዝ። ውጪ ያለው ጫፍ ላይ ወደ መሬት የሚያይ ጎሚቶ ገባ፣ አፉ ላይ ወፍ እንዳይገባ ሰፋ ያለ ወንፊት፣ የትንኝ መረብ አይሆንም ወዲያው በአቧራ ይደፈናል አሉ።

ጨረስን ስል በሩን ዘግተው ፋኑን አበሩና "ስሚ ድምጹን" አሉኝ። ያቃስታል። በራችን ከወለሉ ጋር የተለጠፈ ነበር፣ ሴራሚክ ስናስነጥፍ ክፍተቱ ጠፍቷል። አየር የሚገባበት ከሌለ የሚወጣም የለም ብለው በሩን ነቅለው ከስር 1 ሳንቲም ቆረጡለት፣ ድምጹ ወዲያው ለሰለሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ፋን ሲበራ ናኮውን የምትከፍቱ አላችሁ፣ እኔም ከፍት ነበር። መስኮቱ ፋኑ አጠገብ ከሆነ ፋኑ የሚስበው የመስኮቱን አየር ነው፣ እንፋሎቱ ባለበት ይቀራል። ናኮው ዝግ ይሁን፣ አየሩ በበሩ ስር ገብቶ ክፍሉን አቋርጦ ይሂድ። መብራት የጠፋ ቀን ግን ያው ናኮውን ከፍታችሁ መጠበቅ ነው።

ፋኑን ከመብራቱ ለይተው የራሱ ማጥፊያ ሰጡት፣ ሽቦውም ሳጥን ውስጥ ገባ። ከታጠብን በኋላ 20 ደቂቃ እንተወዋለን፣ ድሮ መብራት ስናጠፋ አብሮ ይጠፋ ነበር፣ እንፋሎቱ ገና ሳይወጣ ማለት ነው። ቆጣሪ ትፈራላችሁ እንደሆነ 18 ዋት ነው፣ በቀን ሁለት ሰአት ቢሰራ በወር 1 ኪሎዋት ሰአት ገደማ ነው፣ ለቦይለራችሁ ብትሰጉ ይሻላል።

በሶፍት መፈተን የሚባል ነገር አለ፣ ሶፍት አንስተህ ፋኑ ላይ ስታስጠጋ ከተለጠፈ ይሰራል ይባላል። የኔ ፋን በዛ በመጥፎው አገጣጠም ጊዜም ሶፍቱን ጭብጥ አርጎ ይይዝ ነበር። መሳቡን ነው የሚያሳያችሁ፣ የት እንደሚተፋ አያሳይም። እኔ የምመክረው ፋኑን አብርታችሁ ደጅ ውጡና በእጃችሁ የቱቦውን አፍ ፈልጉት፣ ነፋሱ እጃችሁ ላይ ካልመጣ ወይ ቱቦ የለም ወይ የሆነ ቦታ ወልቋል። ወይ ደግሞ እንደ እናቴ እጣን አጭሱበት።

ሂሳቡን ለምትጠይቁ፣ ለጋሼ እቃውም የእጅም ተጨምሮ 4 ሺህ ብር ገደማ ወጣ፣ ሁለት ቺፑድ መቀየርና ቀለም ደግሞ ለብቻው። ቀለሙን ግን ወዲያው አልቀባንም፣ ጋሼ ሁለት ሳምንት ይድረቅ ስላሉ መሹለኪያውን ከፍተን ተውነው። ሻጋታውን በበረኪና አጠብነው፣ በረኪናን ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ አደራ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በተለይ እንደዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ።

ፋኑን ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ጀርባው ላይ ያለችው ክዳን ስስ ስለሆነች ነው፣ ከሰአት ከሀይቁ ነፋስ ሲነሳ ቷ ቷ ትላለች፣ ፊቱ ላይ ያለው መሸፈኛም በየሁለት ወሩ አቧራ ስለሚይዝ መታጠብ አለበት። የመጀመሪያው አገጣጠም 1፣ ጋሼ ደግሞ 5፣ እሳቸው ፋን ከመንካታቸው በፊት መሰላል ነው የጠየቁት። ማንንም ባለሙያ ስታስገቡ አየሩ በየት ግድግዳ እንደሚወጣ በጣቱ ያሳያችሁ፣ ካላሳያችሁ ኮርኒስ አያስቆርጥ።

ይሄው ሁለተኛው ክረምት መጣ፣ ትናንት መሹለኪያውን ከፍቼ አየሁት፣ ቆርቆሮው ደረቅ ነው፣ ሞራሌው ደረቅ ነው። የእናቴ ነጠላ ሶስቴ ታጥቦ ነጥቡ ፈዘዘ እንጂ ሙሉ ለሙሉ አልለቀቀም። ጠዋት ልጆቹ ሲታጠቡ ደጅ ወጥቼ ብቆም ያ ወደ መሬት የሚያየው ጎሚቶ ጠብ... ጠብ... ይላል፣ ከስሩ ያለው አፈር ሁሌ እርጥብ ነው፣ እናቴ ጤና አዳም ተክላበታለች።